የሳኦ ቶሜዋ ድንክ ጋጋኖ ለምን አትታይም?

ጥያቄ፦ «አስጎብኚ ነኝ። ወፍ ለማየት የሚመጡ እንግዶችን ወደ ባሌና ወደ አንኮበር ይዤ እሄዳለሁ። የእኛን ጋጋኖ ለማሳየት ተቸግሬ አላውቅም፤ ከመኪና ሳይወርዱ ያዩታል። በቅርቡ ግን አንድ እንግዳዬ ሳኦ ቶሜ ደሴት ላይ የእሱ የቅርብ ዘመድ እንዳለ፣ ደን ውስጥ አድሮ ፈልጎ ሳያገኘው እንደተመለሰ አጫወተኝ። ዘመዳሞች ሆነው አንዱ ሜዳ ላይ ሲንጎራደድ ሌላው እንዴት ይህን ያህል ይሰወራል? እውነት ቁጥሩ አንሶ ነው ወይስ ስለማይታይ ብቻ ነው? እኔስ ሄጄ ብፈልገው አገኘው ይሆን?»

መልስ፦

አጭሩን መልስ ላስቀድም። ወፏ አለች፤ ትታያለችም። ቁጥሯም በእርግጥ ትንሽ ነው። ግን «አትታይም» እና «ጥቂት ናት» የሚሉት ሁለት ነገሮች ናቸው። እርስዎ ለይተው መጠየቅዎ ደስ ብሎኛል፤ ብዙ ሰው አንድ ላይ ይጨፈልቃቸዋል። ወፏን ለማቆየት ምን ይደረግ የሚለው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው እነዚህን ሁለቱን ከለየን በኋላ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምህረቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ከዝምድናው ልጀምር። የእኛ ጋጋኖ፣ ያ ጉሮሮው ሥር ቆዳ የሚንጠለጠልበት፣ ሳይንሱ ቦስትሪኪያ ብሎ በሚጠራው ወገን ውስጥ ነው የሚመደበው። በዚህ ወገን አምስት ዝርያዎች አሉ፤ አምስቱም አፍሪካውያን ናቸው። የእኛው በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ብቻ ይኖራል። ሃዳዳ የሚባለው ከሰሃራ በስተደቡብ ሰፊ አገር ይዟል፤ እኛም ጋ በምዕራቡና በደቡቡ ወንዝ ዳር አይተውት ይሆናል። ኦሊቭ ጋጋኖና ደረተ ነጠብጣቡ ጋጋኖ በአህጉሩ ደን ውስጥ የሚኖሩ ናቸው። አምስተኛዋ የሳኦ ቶሜዋ ድንክ ጋጋኖ ናት።

እንግዲህ ልብ ይበሉ፤ ከአምስቱ ሦስቱ ደን ውስጥ ተሸሽገው የሚኖሩ ናቸው። ስለዚህ ጥያቄውን ገልብጠን ብናየው ይሻላል። የደን መሆኗና መደበቋ በዚህ ወገን ውስጥ ብርቅ አይደለም። ብርቁ የእኛው ነው። በመንጋ ሆኖ ከተማ ውስጥ ግቢ ድረስ ገብቶ፣ ገና ሳይነጋ በጩኸቱ ሰፈሩን የሚቀሰቅስ ሌላ የዚህ ወገን ወፍ ቢኖር ሃዳዳ ብቻ ነው።

የድንኳ ቁመት ከምንቃር እስከ ጅራት 50 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። የአህጉሩ ኦሊቭ ጋጋኖ ከ65 እስከ 75 ይደርሳል። በዓለም ላይ ካሉት ትንንሽ የጋጋኖ ዝርያዎች አንዷ እሷ ናት። ጀምስ ቻፒን የተባለው አሜሪካዊ የወፍ አጥኚ በ1923 ስም ሲያወጣላት ለፖርቱጋላዊው የእንስሳት ሊቅ ለባርቦዛ ዱ ቦካዥ መታሰቢያ አድርጓታል። ከዚያም በኋላ ብዙዎች የኦሊቭ ጋጋኖ ንዑስ ዝርያ ነች እያሉ ለረጅም ጊዜ ለብቻዋ ሳይቆጥሯት ኖረዋል። ይህ የስም ክርክር ብቻ አይደለም። «አህጉሩ ላይ የሞላ ወፍ ነው» ተብላ የቆየች ወፍ የሚጨነቅላት አታገኝም።

ደሴቲቱ ትንሽ ናት፤ ወደ 860 ካሬ ኪሎሜትር። ከጋቦን ጠረፍ 250 ኪሎሜትር ያህል ትርቃለች። ከባሕር ወለል በእሳተ ገሞራ የወጣች ስለሆነች ከአህጉሩ ጋር በየብስ ተያይዛ አታውቅም። በዚያ ያለ ወፍ ሁሉ በርሮ፣ ወይም ነፋስ ወስዶት የገባ ነው። ለብቻው ሲኖርም መጠኑ ተለዋወጠ። ጋጋኖዋ አነሰች። ሌሎቹ ገዘፉ። ሸማኔ ወፍ ከተባሉት ከትልልቆቹ አንዱ እዚያ ነው ያለው። እርስዎን ደግሞ በተለይ የሚያስደስት አንድ አለ፦ የሳኦ ቶሜ ግሮስቢክ። ይህ ወፍ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ሲያከራክር ኖሮ በዘር ምርመራ የካናሪ፣ የትንሿ ዘማሪ ወፍ፣ ዘመድ ሆኖ ተገኘ፤ ከካናሪዎችም ሁሉ ትልቁ። አሁን የሚመደበው ክሪታግራ በሚባለው ወገን ውስጥ ነው። ይኸውም እንግዶችዎን አንኮበር ገደል አፋፍ ላይ የሚያሳዩት የአንኮበር ሰሪን የምትባለው ወፍ ያለችበት ወገን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ ለምን አትታይም?

መልሱ ያለው ምንቃሯ ላይና አፈሩ ውስጥ ነው። ዝናብ ከጣለ በኋላ ሣር ላይ የሚለቅሙትን የእኛን ጋጋኖዎች ቀረብ ብለው ይመልከቱ። ምንቃሩ እስከ ግማሹ አፈር ውስጥ ይገባል፣ ይወጣል። አንድ እርምጃ። እንደገና ይገባል። አሥር ቦታ ወግቶ ምንም ላያወጣ ይችላል። ከዚያ ድንገት ይቆማል። አንገቱ ይወጠራል። ምንቃሩን እስከ ሥሩ ይነክረውና ነጭ የጥንዚዛ እጭ ቆንጥጦ ያወጣል። እጩን በዓይኑ አላየውም፤ ሊያየውም አይችልም። የጋጋኖ ምንቃር ጫፍ አጥንቱ በጥቃቅን ጉድጓዶች የተወቃቀረ ነው። ጉድጓዶቹ ውስጥ ንዝረት የሚሰማቸው የነርቭ ጫፎች አሉ። አፈር ውስጥ የምትንቀሳቀስ ትል ሳይነካት በፊት ትታወቀዋለች። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በሃዳዳ ላይ የተደረገ ሙከራ ደግሞ አፈሩ ሲረጥብ ፍለጋው ይበልጥ እንደሚሰምር አሳይቷል። እርጥብ አፈር ንዝረትን ከደረቁ በተሻለ ያስተላልፋል።

ይህንን ይዘው ወደ ሳኦ ቶሜ ደቡብ ምዕራብ ይሂዱ። በዓመት ከ4,000 ሚሊሜትር በላይ ዝናብ የሚወርድበት አገር ነው። ከአዲስ አበባ ዝናብ ከሦስት እጥፍ ይበልጣል። ዛፉ ረጅም ነው፤ ብርሃን መሬት የሚደርሰው ተቆራርጦ ነው። መሬቱ በረገፈ ቅጠል ተሸፍኗል፤ ከቅጠሉ ሥር አፈሩ ዓመቱን ሙሉ ለስላሳ ነው። ለጋጋኖ ምንቃር ከዚህ የተሻለ ማሳ የለም። ድንኳ እዚያ ቅጠሉን እየገለበጠች፣ አፈሩን እየወጋች፣ እጭና ትል፣ ቀንድ አውጣም እየለቀመች ትውላለች። ብዙ ጊዜ ጥንድ ሆና ነው፤ ሲበዛ ጥቂት ሆነው። ጀርባዋ ጥቁር ቡናማ ነው፤ ክንፏ ላይ ብርሃን ሲያርፍ ብቻ አረንጓዴና ነሐስማ ያብረቀርቃል። ብርሃን በሌለበት ደን ውስጥ ያ ቀለም ከእርጥብ ቅጠል የሚለይ አይደለም። ስትለቅም ደግሞ አትጮህም።

የእኛው ለምን ይጮሃል ታዲያ? የእኔ ግምት ይህ ነው። ሜዳ ላይ የሚለቅም ወፍ ከሩቅ ይታያል። አንገቱን ደፍቶ ምንቃሩን አፈር ውስጥ በከተተበት ሰዓት ጭልፊት ቢመጣበት ብቻውን አያመልጥም። ብዙ ዓይን ያስፈልገዋል። መንጋው እንዳይበተን፣ አንዱ ሲነሣ ሌላው እንዲያውቅ ድምፅ ግድ ይላል። ደን ውስጥ ግን መንጋ ጥቅሙ ያንሳል፤ ከሦስት ዛፍ ማዶ ያለውን ጓደኛዋን እንኳ አታየውም። እዚያ የሚያዋጣው ዝምታ ነው።

እንግዳዎ ሳያያት የተመለሰው ስለዚህ ነው። ሰው በደን ውስጥ ሲሄድ ጫማው ቅጠል ይረግጣል፣ ቅርንጫፍ ይሰብራል። ንዝረት የምግቧ ምልክት የሆነላት ወፍ ገና ሳያዩዋት ብታውቅዎ አይግረምዎ። ብዙ ጊዜ ዝም ብላ በእግሯ ትርቃለች። በጣም ከቀረቧት ደግሞ እየጮኸች ትነሣና አጠገብ ያለ ቅርንጫፍ ላይ ታርፋለች። ተመልካቾች በደንብ ያዩአት ብዙውን ጊዜ በዚያች ቅጽበት ነው። ያቺ ቅጽበት ግን ሌላ መዘዝ አላት፤ እመለስባታለሁ።

ከ1928 በኋላ 60 ዓመት ለሚሆን ጊዜ ይህችን ወፍ ያየ አጥኚ አልነበረም። ጠፍታለች ብለው የደመደሙም ነበሩ። ከዚያ በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ግድም አጥኚዎች ወደ ደቡብ ምዕራቡ ደን ሲመለሱ ለረጅም ጊዜ ሳይታዩ የኖሩ ሦስት ወፎች ተራ በተራ ተገኙ፦ ድንክ ጋጋኖዋ፣ የሳኦ ቶሜ ፊስካል የሚባለው ቢጫ ደረት ወፍ፣ በ1991 ደግሞ ያ ትልቁ ካናሪ። ካናሪው ከ100 ዓመት በላይ ሳይመዘገብ የቆየ ነው። ወፎቹ የትም አልሄዱም ነበር። ደኑ ገደላማ ነው፤ ወንዞቹ በዝናብ ይሞላሉ፤ መንገድ የለም። የሚፈልጋቸው ሰው አልሄደም፤ ነገሩ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ። የዓለም ተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በቀይ መዝገቡ ላይ ያሰፈራት ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ጎራ ነው። ሲጠቀስ የኖረው ግምት ለመራባት የደረሱት ከ250 በታች ናቸው የሚል ነው። ይህ ቁጥር የመጣው ወፎቹ አንድ በአንድ ተቆጥረው እንዳልሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

የማትታይ ወፍ እንዴት ትቆጠራለች? ነገሌ አጠገብ ያለውን የሊበን ላርክ ያውቁታል። እሱም መሬት ላይ የሚኖር፣ ሣር ውስጥ የሚሸሸግ፣ ለመጥፋት የተቃረበ ወፍ ነው። ግን ወንዱ ወደ ላይ ተነሥቶ ያዜማል። አጥኚው ሜዳውን እየተሻገረ የሚያዜሙትን ወንዶች ይቆጥራል፤ ከዚያ ተነሥቶ ያሰላል። ለድንክ ጋጋኖ ይህ አይሠራም። ዛፍ ላይ ድምፅ መቅጃ ሰቅሎ መሄድም፣ ለሌላው ወፍ ጥሩ ዘዴ ቢሆንም፣ ዝም ብላ ለምትውል ወፍ የሚሰጠው ነገር ጥቂት ነው።

ስለዚህ የሚደረገው አድካሚው ሥራ ነው። ደኑ ውስጥ ነጥቦች ይመረጣሉ። እያንዳንዱ ነጥብ ላይ ለተወሰነ ደቂቃ ቆሞ ያዩትንና የሰሙትን ሁሉ መመዝገብ። አብዛኛው ነጥብ ላይ ለጋጋኖዋ የሚጻፈው ዜሮ ነው። ያ ዜሮ «የለችም» ማለት ነው ወይስ «ነበረች፤ አላየሁም»? ይህን ለመለየት ያንኑ ቦታ ደጋግሞ መሄድ ይጠይቃል። ከዚያም የተገኘችባቸውን ቦታዎች ከከፍታው፣ ከዝናቡ፣ ከደኑ ዓይነት ጋር አገናኝቶ ሌላ የት ልትኖር እንደምትችል ይሰላል። እንዲህ ሲሠራ ሁለት ነገር ወጣ። አንደኛው፣ ቀድሞ ከታሰበው ሰፋ ባለ ቦታ ላይ ትገኛለች። ሁለተኛው፣ የምትገኘው ያልተነካው የጥንቱ ደን ባለበት ነው። ሰው ቆርጦት እንደገና የበቀለውን ደን ብዙም አትወደውም።

ሁለተኛው ውጤት ለእኔ ከቁጥሩ ይበልጥ ከባድ ነው። ምክንያቱም ሳኦ ቶሜን ከአውሮፕላን ሲያዩዋት ዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ናት። «ይህ ሁሉ ደን እያለ ምን ሆነች?» ያሰኛል። ነገር ግን ከዚያ አረንጓዴ ብዙው ካካዎ ነው። ደሴቲቱ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ከዓለም ትልልቅ የካካዎ አምራቾች አንዷ ነበረች። ፖርቱጋሎች ዝቅተኛውን ሜዳማ ደን አብዛኛውን መንጥረው ካካዎና ቡና ተከሉ። ለጥላውም የእኛ ኮርች ዘመድ የሆነ ዛፍ ተከሉበት። አገሪቱ በ1975 ነፃ ከወጣች በኋላ ብዙው እርሻ ተዳክሞ ዱር ሆነ። ለዓይን ደን ነው። ለጋጋኖ ግን ከጥንቱ ደን ጋር አይተካከልም። የቀረው የጥንት ደን ገደላማውና ዝናባማው ደቡብ ምዕራብ ነው፤ የተረፈውም ለእርሻ ስለማይመች ነው። በ2006 የኦቦ የተፈጥሮ ፓርክ ተቋቁሞ ትልቁን ክፍል ይዟል። ዝቅ ያለው ደን ግን ከፊሉ ከፓርኩ ውጭ ቀርቷል። በደቡብ በኩል የተስፋፋው የዘይት ፓልም እርሻ እስከ ደኑ ጠርዝ ደርሷል።

እርሻ ሲስፋፋ ዛፍ ብቻ አይደለም የሚጠፋው፤ መንገድም ይገባል። መንገድ ሲገባ አዳኝ ይገባል። ከላይ ያቆየሁት ነገር እዚህ ጋ ነው።

ወደ ደን የሚገቡት አዳኞች በዋናነት የሚፈልጉት ጦጣ፣ የዱር አሳማና ርግብ ነው። የርግብ ሥጋ ገበያ አለው። ጋጋኖዋን ፍለጋ ብቻ የሚገባ ብዙ የለም። ግን ጋጋኖዋ ድንገት ከእግሩ ሥር ስትነሣና አጠገቡ ቅርንጫፍ ላይ ስታርፍ፣ ጠመንጃ የያዘ ሰው አያልፋትም። ሥጋዋ ይወደዳል። ከሌላ ጠላት ሲያድናት የኖረው ጠባይ ለጥይት አመቻቻት። ስለዚህ መደበቋ ቁጥሯን ይጠብቃል ብለን መጽናናት የለብንም። እኔና እርስዎ ሳናያት ብንመለስ፣ በየሳምንቱ እዚያው ደን የሚያድር ሰው ያገኛታል።

በዚህ ነገር ሰዎቹን ክፉ አድርጎ መሳል አልወድም። በደቡቡ መንደሮች ሥራ ጥቂት ነው፤ ሥጋ ውድ ነው። ከዘንባባ ወይን ለመቅዳት የሚገባ፣ ቀንድ አውጣ ለመልቀም የሚገባም አለ። ፓርኩ ውስጥ ማደን ክልክል ነው፤ ያን ገደል ሁሉ በጥቂት ጠባቂ መቆጣጠር ግን የሚቻል አይደለም። የሚሠራው ነገር አዳኙ ራሱ ከወፏ በሕይወት መኖር ሲጠቀም ነው። ደኑን እንደ እጁ መዳፍ የሚያውቀው እሱ ነው። አስጎብኚ ሆኖ ቢከፈለው፣ የወፏን ውሎ ከእሱ የበለጠ የሚያሳይ የለም። ይህን እርስዎ ከማንም በላይ ይረዱታል።

ሌሎች ጠላቶችም አሏት፤ ሰው ያመጣቸው ናቸው። ደሴቲቱ ላይ ከመነሻው ከሌሊት ወፍና ከትንሽ ፍልፈል መሰል አውሬ በቀር የዱር አጥቢ እንስሳ አልነበረም ማለት ይቻላል። ከመርከብ ጋር አይጥ ገባ። ሞና የሚባለው ጦጣ ገባ። እኛ ለዝባዱ የምናውቀው ጥሪኝም ገባ። ከቤት ያመለጠ አሳማ ዱር ወረደ። እንቁላልና ጫጩት ለእነዚህ ሁሉ ምግብ ነው። ጋጋኖዋ ጎጆዋን የምትሠራው ዛፍ ላይ ነው፤ ይህ ግን ከአይጥና ከጦጣ አያስጥላትም።

እንግዲህ ሄጄ ላያት ይሆን ላሉት፦ ይሂዱ። ዕድል አለዎት፤ ግን ቀን ቆጥረው አይሂዱ። ዝናቡ የሚቀንሰው ግራቫና በሚሉት ወቅት ነው፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው። አብዛኛው ሰው መነሻ የሚያደርገው በደቡብ ያለችውን ሳኦ ዡዋዎ ዶስ አንጎላሬስን ነው። ከዚያ ወደ ሞንቴ ካርሞ አካባቢ በእግር ይገባል፤ ደኑ ውስጥ ድንኳን ተክሎ ማደር ያስፈልጋል፤ ደርሶ መልስ አይሆንም። የአካባቢውን አስጎብኚ ይያዙ፤ የሚነገረው ፖርቱጋልኛ ነው። ልብስዎ ይረጥባል፤ ካሜራዎን ውሃ በማያስገባ ነገር ይጠቅልሉ።

አካሄዱን እርስዎን ማስተማር አይገባኝም፤ አንድ ሁለት ነገር ብቻ። ጭር ባለ ሰዓት፣ ገና እንደነጋ፣ የተራራውን ሸንተረር ይዘው ቀስ ይበሉ። ከመራመድ መቆም ይብዛ። ዓይንዎን ዛፍ ላይ አይስቀሉ፤ ከፊትዎ ያለውን መሬት ይቃኙ። ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ከሰሙ ባሉበት ይቁሙ። የተቀዳ ድምፅ አያጫውቱባት። ጥቂት ለሆነች ወፍ ያባከነችው ጠዋት ብዙ ነው፤ ደግሞም ለአዳኝ የሚጠቅም ዘዴ ማስተማር ይሆናል። ፎቶ ካነሱም ትክክለኛውን ቦታ ለሕዝብ አይለጥፉ።

ሲመለሱ ደግሞ ማስታወሻዎን ለፓርኩ ሰዎች ይስጡ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ከፍታውን፣ ስንት እንደነበሩ ይጻፉ። ሳያዩዋት ከተመለሱም ይጻፉ፤ የት የት፣ ስንት ሰዓት እንደተጓዙ። ከላይ የነገርኩዎት ዜሮ ትርጉም የሚያገኘው ምን ያህል ተፈልጎ እንደጠፋ ሲታወቅ ነው። እንግዳዎም ያደረበትን ቦታና የሄደበትን ሰዓት ካስታወሰ፣ ያንንም ተቀብለው ቢያስተላልፉት ጥሩ ነው።